ሹሹታውን አትንካው

አርብ ከሰዓት። ቂርያት ጋት፤ አራተኛ ፎቅ።
ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል፤
ሳጥኑ ከባድ፥ ደረጃው የማያልቅ።
ሁለት ስፒከር፥ አንድ ማጉያ፤
የዓመት የሌሊት ፈረቃዬን በጀርባዬ አዝዬ
ገባሁ፤ ወለሉ ላይ አወረድኩት፥ «ይኸው!» ብዬ።

ልጄ ኢታይ ሽቦ ያገናኛል፤ ቀዩን ከቀይ፥ ጥቁሩን ከጥቁር።
እኔ ሶፋ እገፋለሁ፥ መጋረጃ እዘጋለሁ፤
ድምፅም እንደ እንግዳ ነው፤
መቀመጫ ካልሰጡት ቁም ነገር አይናገር።

«በምን እንፈትነው?» አለኝ።
በምን እንፈትነው!
ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩት ካርቶን ሙሉ መልስ አለኝ።

መጀመሪያ ክራር። ብቻውን፥ ዘፋኝ የሌለው።
ጅማቱ ሲመታማ ማንኛውም ሬዲዮ ያሰማል፤
ፈተናው ጣት ሲነሳ ነው፥
ድምፁ ሳይሞት፥ ዝምታውም ሳይወለድ፥ በመካከል ያለው።
ርካሽ ስፒከር ይውጠዋል፥ እንደ ችኩል በላተኛ፤
ይኼኛው ግን ብቻውን አልጎረሰም፤ ለኔም አጎረሰኛ!

ቀጥሎ የአንድ ክፍለ ጦር ባንድ፤
ከያፎ አሮጌ ዕቃ ተራ ያገኘሁት ሸክላ
(ባሕሩን እንዴት እንደተሻገረ እንጃ)።
ሳክስፎን ነፊው ሳይነፋ በፊት አየር ሲስብ ተሰማኝ፤
አንዴ፥ ደግሞ አንዴ፤
አርባ ዓመት አምቆ የያዘው ትንፋሽ
እኔ ሳሎን ውስጥ ወጣ እንዴ?

የኢታይ ተራ፦ ራፕ፥ በዕብራይስጥ፥
ባሱ ሆድ ዕቃ የሚያተራምስ።
የቁም ሳጥኑ ብርጭቆ ተንጫጫ፤
ከላይ ሉድሚላ በመጥረጊያ እንጨት ወለሏን ትደበድብ ጀመር፤
ወዲያው ደግሞ ወረደች። ለጠብ መስሎን ነበር።
ከብብቷ ሲዲ አወጣች፤ ፒያኖ፥ ከታሽከንት ያመጣችው።
«ይህን ሞክሩ» አለች። ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።
«ፔዳሉ!» አለች ጣቷን ቀስራ፥ «የእግሩ ፔዳል ይሰማል!»
እውነቷን ነው፤ እንደ አሮጌ በር፥ ከዜማው ሥር ያቃስታል።

ሰንበት ሊገባ ሃያ ደቂቃ ቀረው።
ካርቶኑ ሥር ገብቼ ካሴቱን አወጣሁ፤
ልባሱ የተሰነጠቀ፥ ጽሕፈቱ የደበዘዘ።
ታናሼ ቢያድግልኝ ፊደል አልቆጠረምና፥
ከአምቦበር ተናግሮ የላከው ደብዳቤ፥
በስንት ሰው ኪስ የተጓዘ።

«እንደምን አለህ ወንድምዬ፤ እኛ ደኅና ነን፤ ላሚቱ ወልዳለች፤
አባባም ደኅና ነው፤ እርሻ ወርዷል፤ ሰላም ብሎሃል።»

በባትሪ ቴፕ፥ ትራሴ ሥር፥ ስንት ሌሊት ሰምቼዋለሁ፤
የት ላይ እንደሚስል፥ ዶሮው የት ላይ እንደሚጮኽ
ከሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።
ዛሬ ግን፥ «አባባም» ብሎ ቆም ሲል፥
ያቺን ቆምታ ሁልጊዜ የትንፋሽ ነበር የምላት፥
ከድምፁ ጀርባ፥ ከሹሹታው ሥር፥
የሴት ሹክሹክታ አለባት።

«ደኅና ነው በል።»

እናቴ ናት።

«ደኅና ነው በል፤ ሰው አገር ነው ያለው፤
ብቻውን ነው፤ ማን ይይዘዋል?»

መርዶውን የሰማሁት ከሦስት ዓመት በኋላ፥
እነሱ በአውሮፕላን ሲገቡ፥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው፤
ሽማግሌ ተሰልፎ፥ ሰው ግራ ቀኝ ይዞኝ።
እርሻ ወርዷል።
ቢያድግልኝ አልዋሸኝም ለካ፤ አፈር ነው የነገረኝ።

«አባ፥ ሹሹታው በዛ» አለ ኢታይ፤ አማርኛው ለዚህ አይደርስም፤
«ማጥፊያ ቁልፍ አለው፥ ላጥፋው?»
እጁን ያዝኩት።
«አትንካው።»

ሉድሚላ ታየኛለች። «ምን ዘፈን ነው?» አለችኝ።
«ማሽኑ ጥሩ ነው» አልኳት፤ «በጣም ጥሩ ነው።»
የሰንበት ጥሩንባ ከማዘጋጃ ቤቱ በኩል ጮኸ፤
ቀዩ መብራት ጠፋ። ሁሉም ወደ ቤቱ።

እናቴ ቂርያት ማላኪ ናት፤ ጆሮዋ ደክሟል።
ነገ ማታ፥ ሦስት ኮከብ ሲወጣ፥ እደውልላታለሁ፤
ሳልጠይቃት ትጠይቀኛለች፥ እየጮኸች፥ «እንደምን ነህ?»

ደኅና ነኝ
እላታለሁ።